ስድስት ኳስና አንድ ጎሚኒ

በመኪና አካል ላይ ካለው ሥራ ሁሉ እኔን አብልጦ የሚያስደንቀኝ ከፊት ጎማ ጀርባ ተደብቆ የሚኖረው ነው። ሞተር ክዳኑ ሲነሣ ይታያል። ሲቪ ጆይንት የሚባለውን ይህን ዕቃ ለማየት ግን መሬት ላይ መተኛት ያስፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን ዓይን ውስጥ የሚገባው ብረቱን የሸፈነው ጥቁር ጎሚኒ እንጂ ብረቱ አይደለም። ብዙ ባለመኪና ከሁለቱም ጋር የሚተዋወቀው ዘግይቶ ነው፤ ጎሚኒው ተቀዶ፣ ግራሶው ተረጭቶ አልቆ፣ መሪ ባዞረ ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት ሲጀምር።

ብረቱ የተጫነበት ሥራ ቀላል አይደለም። የፊት ጎማ ከሞተር ኃይል እየተቀበለ ይሽከረከራል፤ በዚያው ቅጽበት መሪን ተከትሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ጉብታ ሲያገኝ ይወጣል። ኃይሉን የሚያደርሰው አክስል እንግዲህ እየታጠፈ መዞር አለበት። እየታጠፉ መዞር ብቻውን ቢሆን በሚኒባስና በላዳ ሆድ ሥር ያለው ክሮቼራም ይችለዋል። ክሮቼራ የማይችለው ታጥፎ ሳለ ፍጥነቱን አንድ ወጥ አድርጎ መያዝን ነው። 30 ዲግሪ በታጠፈ ክሮቼራ ላይ አንዱ ወገን በእኩል ፍጥነት ቢዞርም፣ ሌላው ወገን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ እስከ 15 በመቶ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ እስከ 13 በመቶ ይዘገያል። ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ እጥፋቱ ትንሽ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ክሮቼራዎችም አንዱ የሌላውን መዛባት ያርማሉ። ያው ክሮቼራ ብቻውን የፊት ጎማ ላይ ቢሆን ግን በየማዞሪያው መሪው በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መላውን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያገኘው አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ ነው፤ በ1936 ደግሞ አሻሽሎታል። አፉ ሰፋ ያለ የብረት ጽዋ አለ፤ በውስጠኛው ግድግዳው ላይ ስድስት ጎባጣ ቦዮች ተፈልፍለዋል። ከመሃሉ የሚገባው ክብ ብረትም በትክክል የሚገጥሟቸው ስድስት ቦዮች አሉት። በቦይና በቦይ መካከል ስድስት ኳሶች ይቀመጣሉ፤ ኳሶቹን ስድስት መስኮት ያለው ቀለበት ይይዛቸዋል። ምሥጢሩ የቦዮቹ ቅርጽና ቀለበቱ ላይ ነው። አክስሉ በታጠፈ ቁጥር ኳሶቹን የእጥፋቱ እኩሌታ ላይ ያሰልፏቸዋል፤ አክስሉ 40 ዲግሪ ቢታጠፍ ኳሶቹ 20 ላይ ይገኛሉ። ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚርቁ አንዱ የሰጠው ፍጥነት ለሌላው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይደርሳል። ሞላ የለው፣ ማርሽ የለው። ኳሶቹ የት መቀመጥ እንዳለባቸው የሚነግራቸው የብረቱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ለእኔ የዚህ ዕቃ ውበት ይህ ነው።

አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ሃይላንድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ፎርድ ከ1925 እስከ 2011 መኪና ይገጣጥምበት የነበረ ፋብሪካ ነበር። ርዜፓ በሐሳቡ ላይ ይሠራ በነበረበት ዘመን ከዚያ በር የሚወጣው መኪና በኋላ ጎማው የሚገፋ ስለነበረ ይህን ጆይንት አልፈለገውም። ጆይንቱ ለብዙኃን መኪና የደረሰው አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ትንሿ ሚኒ በ1959 በፊት ጎማዎቿ እየተሳበች ስትመጣ ነው። ዛሬ ፋብሪካው ፈርሶ ቦታው መኖሪያ ሰፈር ሆኗል፤ በየቤቱ ደጅ ከቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ እነዚያን ስድስት ኳሶች ተሸክመዋል። የአዲስ አበባዋ ቪትዝም እንዲሁ።

ወደ ጎሚኒው ልመለስ፤ የኳሶቹ ዕድሜ በእርሱ ላይ ነውና። ጎሚኒው እንደ አንጥረኛ ወናፍ በእጥፋት የተሠራ ነው። መሪ ዞሮ ሳለ ጎማው አንድ ዙር በሄደ ቁጥር እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ጊዜ ይጨመቃል፣ አንድ ጊዜ ይከፈታል። የመካከለኛ መኪና ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ 50 ሚሊዮን ዙር ማለት ነው። መንገዱ ቀጥ ባለበት እጥፋቱ ትንሽ ነው እንጂ ጨርሶ አያርፍም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የጣት ውፍረት እንኳን በሌለው ነገር ነው። ድሮ ከኒዮፕሪን ይሠራ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው ጠንከር ካለ የፕላስቲክ ዘር ነው።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ደግሞ ይህ ጎሚኒ ሌላም ፈተና አለበት። የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሌሊት ከዜሮ በታች 33 ደርሶ ነበር። በዚያ ቅዝቃዜ ደጅ ያደረ ጎሚኒ ይደርቃል፤ ጠዋት ባለቤቱ ለሥራ ተቻኩሎ መሪውን እስከ ጫፍ አዙሮ ሲወጣ ያ ደረቅ እጥፋት በአንድ ጊዜ ይወጠራል። ከዚያ ጨው አለ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ይፋ ባደረጉት ጥናት በእነዚህ መንትያ ከተሞች አካባቢ በዓመት 350 ሺህ ቶን ገደማ ጨው መንገድ ላይ እንደሚበተን አስልተዋል። ጨው ጎሚኒውን እምብዛም አይጎዳውም፤ የተቀደደ ጎሚኒ ካገኘ ግን ከቀለጠው በረዶና ከአሸዋው ጋር ወደ ኳሶቹ ይገባል። ለኳሶቹ ተብሎ የተሞላው ግራሶም በሽክርክሪቱ ኃይል ይወጣና የጎማውን ውስጠኛ ወገን ጥቁር ክብ ሠርቶ ይቀባዋል። ያንን ክብ ቶሎ ያየ ሰው ብረቱን ያተርፋል።

እዚህ አሜሪካ ጎሚኒው የተቀደደ መኪና ጋራዥ ሲወሰድ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ሙሉ አክስሉ ይውጣ፣ ሌላ ይግባ። ምክንያቱም ይገባኛል። ጎሚኒው ርካሽ ነው፣ የሰው ሰዓት ውድ ነው፤ አክስል ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜ ጎሚኒ ለመቀየር ከሚፈጀው ያንሳል። ነገር ግን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ አብሮ የመጣው፣ ብረቱ በጥንቃቄ የጠነከረና የተሞረደ ዕቃ ነው፤ በቦታው የሚገባው ርካሹ ያን ያህል ላይሆን ይችላል።

ሴንት ፖል የሚኖር አንድ መካኒክ አውቃለሁ፤ ሙያውን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ የቀሰመ ሰው ነው። እዚያ ያደገ እጅ ደኅና ብረት አይጥልም። የቤተ ዘመድ መኪና ሲመጣለት በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ የግራ ጎሚኒዋ የተቀደደ አንድ ሆንዳ ሲቪክ ላይ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ አክስሉን እንዳለ መቀየር አይቀልም?» አልኩት።

«ይቀላል። እስቲ መጀመሪያ ብረቱ ምን እንደሚል እንየው፣ ልጄ።»

የአክስሉን ዳዶ የፈታው መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ ሳለች ነው። ይህ ዳዶ ከንፈሩ በአክስሉ ጎድጓዳ ውስጥ ተመትቶ ስለሚቆለፍ መጀመሪያ ያንን ከንፈር ቀና አደረገው። መኪናዋን በክሪክ አነሣት፤ ነገር ግን ከሥር የብረት መደገፊያ ሳይገባ እጁን አልሰደደም። የታችኛውን ቦል ጆይንት አላቀቀ። የአክስሉ ጥርስ ከጎማው መያዣ ጋር በዝገት ተጣብቆ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው የክረምቱ ጨው ሥራ የሚታየው። በመዶሻ አልደበደበውም። ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት አጠጥቶ ሌላ ነገር ሲሠራ ቆየ፤ ከዚያ አሮጌውን ዳዶ የአክስሉ ጫፍ ላይ መልሶ፣ የአክስሉ ፊሌቶ እንዳይጎዳ፣ ዳዶውን መታ መታ ሲያደርገው ለቀቀ። የውስጠኛውን ጫፍ ከካምቢዮ አላወጣውም፤ ስለዚህ አንድ ጠብታ ዘይት አልፈሰሰም።

ጽዋውን ከዘንጉ የያዘው ከአንድ ቀጭን የሽቦ ቀለበት በቀር ምንም አይደለም። በመካከለኛው ብረት ላይ ለስላሳ ናስ አስደግፎ አንድ ጊዜ በልክ መታው፤ ጆይንቱ ተላቆ እጁ ላይ ወደቀ። ይህ በሁሉም መኪና አይሆንም። በብዙ ቶዮታዎች የውጭው ጆይንት ከዘንጉ ስለማይላቀቅ ጎሚኒው የሚገባው የውስጠኛው ጆይንት ተፈትቶ በዚያ በኩል ነው። ይህን ሳያውቅ በመዶሻ የሚታገል ሰው ደኅናውን ብረት ይሰብራል።

አሮጌውን ግራሶ አጥቦ ከጨረሰ በኋላ ያደረገውን ደጋግሜ ባየው አልጠግብም። መስኮታማውን ቀለበትና ጽዋውን በቀለም ምልክት አደረገባቸው። ከዚያ ቀለበቱን በአንድ ወገን ወደ ታች ሲጫነው ከትይዩው ወገን አንድ ኳስ ብቅ አለ፤ በካቻቢቴ ጫፍ ሳይሆን በጣቱ አወጣው። አዞረ፣ ተጫነ፣ ሁለተኛው ወጣ። ስድስቱንም በወጡበት ቅደም ተከተል ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው፤ እያንዳንዱ ኳስ ከራሱ ቦይ ጋር ተለማምዷልና ወደዚያው መመለስ አለበት። በመጨረሻ ቀለበቱን ከነመካከለኛው ብረት ወደ ጎን አቁሞ መዞሪያውን አግኝቶ አወጣው።

ፍርዱ የሚሰጠው በጥፍር ነው። መብራት አስጠግቶ በእያንዳንዱ ቦይ ላይ የአውራ ጣቱን ጥፍር ቀስ ብሎ ጎተተ። ኳሶቹ የሄዱበት መንገድ ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ቢኖር ችግር የለውም፤ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ወይም ጉድጓድ ካለ ግን ግራሶ አያድነውም፣ አክስሉ መቀየር አለበት። የዚህኛው ለስላሳ ነበር። ጥፍሩ አንድም ቦታ ሳይቆም ሲያልፍ ፊቱ ላይ የታየው ደስታ ለራሱ ያተረፈ ሰው ደስታ አልነበረም፤ የማያውቀውን የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመሰግን ይመስል ነበር።

መገጣጠሙ መፍታቱን ወደ ኋላ መድገም ነው፤ እርሱን ልለፈው። ማለፍ የማልችለው ግራሶውን ነው። ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግራሶ ከጎሚኒው ጋር በከረጢት ይመጣል፤ መጠኑን ፋብሪካው ወስኖታል። ገሚሱን በኳሶቹ መካከል፣ ጆይንቱን በየአቅጣጫው እያጠፈ፣ እያንዳንዱ ቦይ እስኪጠጣ አስገባው፤ የቀረውን ጎሚኒው ውስጥ። ትርፍ አልጨመረም፤ በዝቶ የተሞላ ጎሚኒ ይወጠራል። አዲስ የሽቦ ቀለበት አስገብቶ ጆይንቱን በፕላስቲክ መዶሻ ወደ ዘንጉ መለሰው፤ ቀለበቱ መግባቱን ለማረጋገጥም በሙሉ ኃይሉ ወደ ውጭ ጎተተው።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ። ፋሼታውን ከማጥበቁ በፊት ጆይንቱን ቀጥ አድርጎ፣ ጠርዙ ያልሰላ ቀጭን ብረት ከጎሚኒው ከንፈር ሥር አስገብቶ አየሩን አስተነፈሰው። ታፍኖ የቀረ አየር ሲሞቅ ጎሚኒውን ይነፋዋል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ የተመጠጠ እጥፋት ዘንጉን እየነካ ይበላል። እጥፋቶቹ እኩል መራቃቸውንና አለመጠምዘዛቸውን በዓይኑ ከለካ በኋላ ብቻ ፋሼታውን በፒንሳው ቆነጠጠው። ባለጆሮ ፋሼታ ነው፤ በ1942 ስዊዘርላንድ ውስጥ የራሱን ኩባንያ የመሠረተው የሐንስ ኦቲከር ዘር። ጆሮው በእኩል ካልተጨመቀ በአንድ ወገን ግራሶ ያንጠባጥባል።

መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላ አዲሱን ዳዶ በቶርክ ሬንች እስከ 181 ኒውተን ሜትር አጠበቀ። ይህን በግምት የሚያደርጉ አሉ፤ ዳዶው ግን አክስሉን ብቻ ሳይሆን የጎማውን ኩሽኔታም አጥብቆ የሚይዝ ስለሆነ ግምት ቦታ የለውም። የዳዶውን ከንፈር በመምቻ ወደ ጎድጓዳው አስገባ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ መሪውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሮ በዝግታ ዞረ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ጎማው አስፋልቱን ሲያሽ ከሚያሰማው በቀር ድምፅ አልነበረም።

ተመልሶ የቀኙን ጎሚኒ በመብራት አየው። አልተቀደደም፤ እጥፋቶቹን በአውራ ጣቱ ሲከፍታቸው ግን ከሥራቸው ቀጫጭን ስንጥቆች ታዩ። ክሪኩን ወደዚያ ጎተተ።