ሰዋስው ካለቀ በኋላ

አሜሪካዊው መምህር ፍሬደሪክ ዊሎክ በ1956 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳተሙት የላቲን መማሪያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። መጽሐፉ የተጠነሰሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው ብሩክሊን ኮሌጅ ለገቡ የቀድሞ ወታደሮች በተዘጋጀ ትምህርት ነው። ስለዚህ ከመነሻው ዘግይተው ለሚጀምሩ ጎልማሶች የታሰበ ነው ማለት ይቻላል።

ምስጋናውን አስቀድመን እንናገር። መጽሐፉ በ40 ምዕራፎች የስሙን ሙያና የግሡን እርባታ በሥርዓት ያስተምራል። ለመልመጃ የሚያቀርባቸውም ዓረፍተ ነገሮች ብዙዎቹ ከሲሴሮና ከሌሎች ደራስያን የተገኙ ስለ ሆኑ፥ ተማሪው ገና ከጅምሩ የጥንት ሊቃውንትን ሐሳብ ይቀምሳል።

ዳሩ ግን ነቀፌታችንም ከዚሁ ይነሣል። ነጠላ ዓረፍተ ነገር የለመደ ዓይን ሙሉ ገጽ ሲቀርብለት ይደናገራል። በላቲን የስሙ መድረሻ ሙያውን ስለሚያመለክት፥ ቃላቱ ቦታ ቢለዋወጡም ነገሩ አይጠፋም፤ ይህስ በግዕዝ «ቤት»ንና «ቤተ»ን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ቨርጂል ቅጽሉን በስንኙ መካከል አስቀምጦ ስሙን በመድረሻው ሲያመጣው፥ ተማሪው ቅጽሉን በልቡ ይዞ መጠበቅን መማር አለበት። ይህ ትዕግሥት በሠንጠረዥ አይጠናም፤ በንባብ ብዛት ይገኛል እንጂ።

በአሜሪካ እንደ ፔንሲልቬንያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች፥ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀው የላቲንና የጽርዕ ተጨማሪ ትምህርት የሚሞላው ይህንኑ ጉድለት ነው። ቋንቋዎቹን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ወደ ዶክትሬት ጥናት ከመግባቱ በፊት ደራስያኑን ከመምህር ጋራ ያነባል። ዲግሪ የያዘ ሰው እንደ ገና በተማሪ ወንበር መቀመጡን እንደ ውርደት የሚቈጥር ቢኖር ተሳስቷል። በአገራችንም የቅኔ ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው መሻገሩ ማዕረግ እንጂ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ አውግስት ዲልማን በ1865 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳተሙት ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃላቱን የሚፈታው በላቲን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከግዕዙ ቃል ጐን የመጽሐፍ ቅዱሱን የጽርዕ ቃል ያኖራል። መጽሐፍ ቅዱሳችን ራሱ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በመሠረቱ ከጽርዕ ነውና፥ ግዕዝን የሚመረምር ኢትዮጵያዊ ሁለቱን ቋንቋዎች ካላወቀ የገዛ ርስቱን በሌላ ሰው ዓይን ያያል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ የዊሎክ መጽሐፍ በሩን ይከፍታል፤ ቤቱን የሚያስለምደው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው የንባብ ዘመን ነው። ለዚያ ዘመን ጊዜና መምህር የማይመድብ ትምህርት ቤት፥ ሰዋስው ያጠኑ እንጂ መጽሐፍ የሚያነቡ ተማሪዎችን አያወጣም።