ጋዜጣ ለንባብና ለጽሕፈት ትምህርት፤ በካርቱም ያየነው

ጋዜጣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥሩ የንባብና የጽሕፈት መሣሪያ ነው የሚለውን አሳብ በመምህራን ስብሰባ ላይ የሚቃወም ሰው አጋጥሞን አያውቅም። እኛም አንቃወመውም። የምንነቅፈው አሠራሩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው፤ መምህሩ ከጋዜጣ አንድ ዜና ቆርጦ ያመጣል፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ተነሥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አምስት «አዲስ ቃላት» በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ ፍቺያቸው በደብተር ይገለበጣል፤ ደወል ይደወላል። በዚህ ዓይነት ትምህርት ጋዜጣው ከመማሪያ መጽሐፉ የሚለየው በወረቀቱ ስስነት ብቻ ነው።

ይህን ስንል ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኛም በካርቱም ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ባስተማርንባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ልጆቹ በጀሪፍ፣ በዴምና በሰሐፋ ሰፈሮች ያደጉ ናቸው። (ሰሐፋ በዐረብኛ ጋዜጠኝነት ማለት ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ የአማርኛ ጋዜጣ ፈልጎ ማግኘት ግን ከባድ ነበር።) አማርኛን ከእናታቸው ሰምተው ይናገሩታል፤ መንገዱና ሱቁ ግን ዐረብኛ ነው። ዓይናቸው ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ የለመደ ነው። ዐረብኛውን እንደ ውኃ እየጠጣ፣ አንድ የአማርኛ አንቀጽ ሲሰጡት ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ነበር። መጽሐፍ ጥቂት ነው። ጋዜጣም ቢሆን ከአዲስ አበባ በመጣ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ፣ አለዚያም በመተማ በኩል በመጣ በርበሬና ሽሮ ላይ ተጠቅልሎ ካልሆነ አይደርሰንም። ሲደርሰን ወር አልፎታል።

ይህ መዘግየት ጉድለት መስሎን ለብዙ ጊዜ ስናማርር ኖርን። ኋላ ግን ጥቅሙ ታየን። ትኩስ ወሬ ተማሪውን ይዞት ይሄዳል፤ ማን አሸነፈ፣ ማን ተሾመ ብሎ አንድ ጊዜ አይቶ ይጥለዋል። የቆየ ጋዜጣ ላይ ወሬው በርዷል፤ የቀረው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ከዚህም በላይ ተማሪው በኋላ የሆነውን ስለሚያውቅ፣ «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የተባለው ተጠናቀቀ ወይስ አልተጠናቀቀም ብሎ ወረቀቱን መጠየቅ ይችላል። ንባብ የምንለው ይህን መጠየቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል የጋዜጣ ዜና መልክ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር እኛው እንሥራ። «የከተማው ውኃ ማከፋፈያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ባለፈው ሐሙስ በተደረገው ስብሰባ ላይ ባሰሙት ንግግር በአንዳንድ ሰፈሮች ለታየው የውኃ እጥረት ምክንያቱ የቧንቧዎቹ ማርጀት መሆኑን ገልጠው ችግሩ በቅርቡ እንደሚወገድ አስታወቁ።» ባለቤቱ ከመጀመሪያው መሥመር ላይ ተቀምጧል፤ ማሰሪያ አንቀጹ ከመጨረሻው። በመካከል ያለውን ሁሉ አንባቢው ተሸክሞ መሄድ አለበት። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ከመድረሱ በፊት ይደክማል፤ ቢደርስም ማን አስታወቀ የሚለውን ረስቶታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምናስተምረው ከኋላ መጀመርን ነው፤ ማሰሪያውን ፈልግ፣ ባለቤቱን ፈልግ፣ ከዚያ በመካከላቸው ያለውን አራግፍ። ቀጥሎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እንዲጽፉት እናዛለን። ሲከፋፈል የጎደለው ይታያል። ውኃው የጠፋው የት ሰፈር ነው? ለስንት ቀን? «በቅርቡ» ማለት መቼ ነው? አንድ ልጅ ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ሲጠየቅ፣ «ብዙ ተናግረዋል፣ ምንም አልነገሩንም» ብሎ መልሷል። ሙሉ ነጥብ ሰጥተነዋል።

ማሰሪያ ቃላቱም ራሳቸው አንድ ሰፊ ትምህርት ናቸው። ተናገረ፣ ገለጠ፣ አስታወቀ፣ አሳሰበ፣ አረጋገጠ፣ አስተባበለ የሚባሉት በመዝገበ ቃላት ጎረቤታሞች ናቸው፤ በጋዜጣ ላይ ግን እያንዳንዱ የተናጋሪውን ሥልጣንና የጸሐፊውን እምነት ይዞ ይመጣል። «አረጋገጠ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ነገሩን አምኖ ተቀብሏል። «አለ» ብሎ የጻፈው ግን ራሱን ከነገሩ አርቋል።

ሁለት ጋዜጦችን ጎን ለጎን ማስነበብ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ሰጥቶናል። የካርቱም ልጅ ለዚህ የታደለ ነው፤ ሁለት ፊደል ያነባል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተከናወነ ጊዜ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ነበር። ሲከፈቱ የቆዩትን ወረቀቶች ይዘን ገባን። ሐምሌ 8 ቀን የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር ከድንበሩ ላይ ባለው በዴም የመለኪያ ጣቢያ (ከካርቱሙ ዴም ጋር እንዳይምታታ) የውኃው መጠን በቀን በ90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታውቆ ነበር። ሐምሌ 14 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያው ዓመት ሙሌት መከናወኑን አበሰረ። አንዱ ዘንድ «ቀነሰ» የተባለው ሌላው ዘንድ «ሞላ» ነው። ወንዙም እንኳ ስሙ ሁለት ነው፤ በአማርኛው ዓባይ፣ በዐረብኛው ሰማያዊው ናይል። ልጆቹ የሁለቱ ናይሎች መገናኛ በሆነው በሙግረን ዳር የሚመላለሱ ናቸውና ነገሩ የሰው ነገር አልሆነባቸውም። «ግድቡ ሞላ»፣ «ግድቡ ተሞላ»፣ «ግድቡን ሞሉት» የሚሉት ሦስት አነጋገሮች ምን እንደሚለያያቸው በሰዋስው መጽሐፍ ላይ ለአንድ ወር ብናስተምር ያን ቀን የገባቸውን ያህል አይገባቸውም ነበር።

ይህን ስንናገር፣ ጋዜጦቹ የመንግሥት አፍ ናቸውና ለልጅ አይሰጡም የሚሉ ባልደረቦች ይነሣሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን የመንግሥት ጋዜጣ ነው። በካርቱምም በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አል አያም ከሌሎቹ ጋር በ1970 በኑሜሪ መንግሥት ተወርሶ ነበር። በካርቱም ታትሞ የነበረውን «ባንዲራችን»ንም ብንወስድ ያው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም ከገቡ በኋላ በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆርጅ ስቲር ኃላፊነት ይዘጋጅ የነበረ የአማርኛ ጋዜጣ ነው፤ ሥራውም የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ነበር። ታዲያ ከፕሮፓጋንዳ የጸዳ ወረቀት እስኪገኝ ድረስ ልጁ ሳያነብ ይቆይ ወይ? በእኛ አስተያየት ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ብሎ ለመጠየቅ እንዲህ ያለው ጽሑፍ የበለጠ ይመቻል። ሆኖም መምህሩ ጋዜጣውን እንደ ጥሩ አማርኛ አብነት አቅርቦ «እንዲህ ጻፉ» ካለ ባልደረቦቻችን ያሉት ይደርሳል። የኛም ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር። በአንድ ወቅት የተማሪዎቻችን ድርሰት በሙሉ «ጥሪ አቀረቡ»፣ «በበኩላቸው አስገነዘቡ» በሚል ተሞልቶ ነበር፤ አንዲት ልጅ ስለ አያቷ በጻፈችው ላይ አያትየዋ ቡና እንዲፈላ «አሳስበዋል»።

መፍትሔውን ያገኘነው ተማሪው ራሱ እንዲጽፍ በማድረግ ነው። ሴለስተን ፍሬኔ የተባለው ፈረንሳዊ መምህር በ1924 እ.ኤ.አ. ባር ሱር ሉ በተባለች የገጠር ከተማ በክፍሉ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ አስገብቶ ልጆች የራሳቸውን ኑሮ ጽፈው እንዲያትሙ አድርጎ ነበር። በሱዳንም በ1946 እ.ኤ.አ. በተጀመረው አል ሲብያን መጽሔት የልጆች ንባብ ቦታ አግኝቷል። እኛ ማተሚያ አልነበረንም፤ አንድ ካርቶንና ማጣበቂያ በቂ ነበር። ለአጻጻፍ አብነት የመረጥነው ዜናውን ሳይሆን ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምድ ለአንባቢዎች የሚመልስበትን መንገድ ነው፤ አጭር፣ ቀጥተኛ፣ ሰው ለሰው የሚነጋገርበት። ሕጋችን ጥቂት ነበር። የሰፈርህን ዜና በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ያየኸውን ከሰማኸው ለይ። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልታውቅ ያልቻልከውን ተናገር። በገጹ ራስ ላይ ቀኑን በሦስቱም አቆጣጠር አስፍር፤ የኛ ጋዜጣ በኢትዮጵያ፣ የካርቱም ጋዜጦች በፈረንጅና በሂጅራ ነውና ይህ ሒሳብ ለልጆቹ አንድ ጨዋታ ሆኖ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ የሰጠናቸው የቤት ሥራ የቀዳም ስዑርን ውሎ በዚሁ ሕግ እንዲጽፉ ነበር። በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ጦርነቱ ተነሣ። የካርቱም ጋዜጦች መታተም አቆሙ፤ ተማሪዎቻችንም ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ግብፅ ተበተኑ። የቤት ሥራውን የሰጠን የለም፤ ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በቀር። ከሁለት ወር በኋላ ከመተማ በስልክ የወረቀቱን ፎቶግራፍ ላከችልን። እንዲህ ይላል፦

«ጠዋት ተኩስ ሰማሁ። አባቴ ዶሮ ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። በስድስት ሰዓት ያለ ዶሮ ተመለሰ። ማታ መብራት ስለ ጠፋና መንገዱ ስለ ተዘጋ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ጎረቤታችን ሐሊማ ለማፍጠሪያ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር፤ መመለሷን አላወቅሁም።»

በሁለተኛው መሥመር ላይ «ተብሏል» የሚል ቃል ጽፋ ሰርዛዋለች። ከላይ ሦስቱም ቀን በትክክል ሰፍሯል፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ አፕሪል 15 ቀን 2023፣ ረመዳን 24 ቀን 1444።