አሥር ጊዜ አሸንፎ ሦስተኛ

የመኪና እሽቅድምድም የሚወድ ሰው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 የተካሄደውን የአውሮፓ ፎርሙላ 3 ሻምፒዮና ያላየ ካለ፣ ዛሬ ማታውኑ ይጀምር! ቅጂዎቹን ካገኘሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ስለዚህ ነው። 33 ውድድሮች፣ 11 ቅዳሜና እሁዶች፣ ከእንግሊዙ ሲልቨርስቶን ተነስቶ በፖ፣ በሃንጋሮሪንግ፣ በስፓ፣ በሞስኮ አድርጎ ጀርመን ሆክንሃይም ላይ የሚያበቃ ጉዞ። እንዲህ ያለ ወቅት እያለ ፎርሙላ ዋን ብቻ እያየን ኖረናል ማለት ነው።

የመጨረሻውን የነጥብ ሰንጠረዥ ላስቀምጥላችሁ። ኤስቴባን ኦኮን 478። ቶም ብሎምክቪስት 420። ማክስ ቨርስታፐን 411። አዎ፣ ያው ቨርስታፐን! ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። በዚያ ዓመት ከማንም በላይ ብዙ ውድድር ያሸነፈው እሱ ነው፤ 10 ጊዜ። ኦኮን ያሸነፈው 9 ጊዜ ነው። ዋንጫው ግን የኦኮን ሆነ፤ ቨርስታፐንም ሦስተኛ ወጣ። ይህ እንዴት እንደሆነ ከውድድር ውድድር እየተከተሉ ማየት ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

ፎርሙላ 3 ባለ አንድ መቀመጫ፣ ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ የሆኑ፣ ትንሽና ቀላል መኪና ነው። በዚያ ዘመን ሁሉም የሚነዱት የጣሊያኑን ዳላራ ሲሆን ሞተሩ ለአብዛኞቹ መርሴዲስ ወይም ፎልክስዋገን ነበር። የሞተሩ ጉልበት ልከኛ በመሆኑ ኩርባ ላይ የባከነ ፍጥነት ቤንዚን በመርገጥ ብቻ አይመለስም። ፍሬን አንድ ሜትር ቀድሞ የያዘ ልጅ ቀጥታውን መንገድ እስኪጨርስ ድረስ ይከፍልበታል። ለዚህ ነው የአሽከርካሪው እጅ እንዲህ ጎልቶ የሚታየው። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሦስት ውድድር አለ፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ያህል ነው። ማንቀላፊያ ጊዜ የለም!

ልጆቹስ? ልጆች ናቸው እኮ! ቨርስታፐን ወቅቱ ሲጀመር ገና 16 ዓመቱ ነበር። በቀደመው ዓመት በካርት፣ ማርሽ ባለው ከፍተኛው ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከዚያ በመካከል ያሉትን ደረጃዎች ዘልሎ ቀጥታ ወደ ፎርሙላ 3 ገባ። አባቱ ዮስ የቀድሞ የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ፣ እናቱ ሶፊ ኩምፐንም በካርት ስሟ የታወቀ ተወዳዳሪ ነበረች። ኦኮን በአንድ ዓመት ይበልጠዋል፤ የመጣው ግን ከሌላ ዓለም ነው። ከኖርማንዲዋ ኤቭሩ የተነሳ የመካኒክ ልጅ ነው። ወላጆቹ ልጃቸው ውድድሩን እንዲቀጥል ብለው ቤታቸውን ሸጠው፣ በተጎታች ቤት ውስጥ እየኖሩ ከመወዳደሪያ ወደ መወዳደሪያ ተዟዙረዋል። ሁለቱ ልጆች በካርት ዘመናቸው ተፋልመዋል። ስለዚህ ፎርሙላ 3 ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል። ያ በግልጽ ይታያል፤ ጎን ለጎን ሲገቡ ሌላው ሰው የማይደፍረውን ክፍተት ይደፍራሉ።

አሁን ወደ ሰኔው ልውሰዳችሁ። ስፓ፣ የቤልጂየም ጫካ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚል 7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ። በዚያ ሥፍራ በፎርሙላ 3 መሪ መሆን ዕዳ ነው። ኦ ሩዥ የተባለውን ዳገት ወጥተው ረጅሙን ቀጥታ ሲጀምሩ ከኋላ ያለው በመሪው ጀርባ ተከልሎ ነፋሱን ያመልጣል፤ ቀጥታው ከማለቁ በፊትም ወጥቶ ያልፋል። መሪነት በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሰነብት ነገር አይደለም። የ16 ዓመቱ ቨርስታፐን ግን ሦስቱንም ውድድር አሸነፈ! ቀጥሎ ኑረምበርግ ከተማ ውስጥ ያለው ኖሪስሪንግ። እሱ የስፓ ተቃራኒ ነው። 2.3 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ አንድ ዙር ከአንድ ደቂቃ በታች፣ ግንብና ብረት በቅርብ፣ ፍሬን ይዞ ጥምዝዝ ማለትና እንደገና መፈትለክ ነው ሥራው ሁሉ። እዚያም ሦስቱንም ወሰደ። ስድስት ውድድር በተከታታይ፣ ምንም በማይመሳሰሉ ሁለት መንገዶች! እኔ ኖሪስሪንግን ሳይ ደጋግሜ ወደ ኋላ የመለስኩት ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ ነው። መኪናው ኋላው እየተንሸራተተ እጁ አይደነግጥም። ያን እጅ ዛሬ በፎርሙላ ዋን እናውቀዋለን። ያኔ ግን ገና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ እጅ ነበር።

ታዲያ ዋንጫው እንዴት አመለጠው?

ለአንደኛ 25፣ ለሁለተኛ 18፣ ለሦስተኛ 15 እያለ እስከ አሥረኛ ይወርዳል ነጥቡ። የቨርስታፐን 10 ድሎች 250 ነጥብ ናቸው፤ ስለዚህ ከቀሩት 23 ውድድሮች ያገኘው 161 ብቻ ነው። ኦኮን ከ9 ድሎቹ 225 ወስዶ፣ ካላሸነፈባቸው 24 ውድድሮች ደግሞ 253 ነጥብ ለቀመ! ይህን ቁጥር ሳሰላው ነው ወቅቱ በሙሉ የበራልኝ። ኦኮን ነጥብ የሚሰበስበው ዕቁቡን ሳያዛንፍ እንደሚጥል ነጋዴ ነው። ገበያው የቀዘቀዘ ዕለትም ይጥላል። መኪናው ለድል ባልበቃበት ቀን አራተኛ ይወጣል፣ አምስተኛ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው አጓጉል ሲዳፈር መንገድ ሰጥቶት ሁለት ኩርባ ቆይቶ ቦታውን ይመልሳል። ቨርስታፐን ደግሞ ወይ ይበራል ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለዓይን የሚያስደስተው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ መድረኮች ዓይኔን ከቨርስታፐን ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር። ወደ ክረምቱ ስንገባ ግን ኦኮን የት ነው እያልኩ መፈለግ ጀመርኩ። አብሮት የነበረው የጣሊያኑ ፕሬማ ቡድን ሥራም ድንቅ ነው። መኪናው ከመድረክ መድረክ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፣ ልጁም አያባክነውም። ሻምፒዮንነቱን ኢሞላ ላይ፣ አንድ መድረክ ሲቀር አረጋገጠ።

ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ እጅግ የሚገርም ነገር አለ። ነሐሴ ላይ ቶሮ ሮሶ የተባለው ቡድን ቨርስታፐንን ለ2015 የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ አድርጎ መውሰዱን አስታወቀ፤ ያኔም ገና 16 ዓመቱ ነው፣ ፎርሙላ 3ም አላለቀም። 17 ዓመት በሞላ በሦስተኛው ቀን ሱዙካ ላይ በፎርሙላ ዋን መኪና የዓርብ ልምምድ ነዳ፤ በዚያው ወር ተመልሶ ከእኩዮቹ ጋር በፎርሙላ 3 ተሰለፈ! የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከዚያ በኋላ ደንቡን ለወጠ። ከ2016 ጀምሮ ወደ ፎርሙላ ዋን የሚገባ ሰው 18 ዓመት የሞላው፣ በታችኛው ደረጃ ቢያንስ ሁለት ዓመት የተወዳደረ፣ መደበኛ መንጃ ፈቃድም ያለው መሆን አለበት ተባለ። አንድ ልጅ በአንድ ወቅት ያሳየው ነገር ደንብ አስቀየረ።

ሻምፒዮኑ ኦኮን ግን ለ2015 የፎርሙላ ዋን ወንበር አላገኘም። ይህ ያናድደኛል፤ ስለሱ ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። በዚያው በ2015 ጂፒ3 የተባለውን ሻምፒዮና አሸንፎ እንኳ ፎርሙላ ዋን የገባው በ2016 አጋማሽ፣ ከኋላ ተርታ በነበረው የማኖር ቡድን ነው። በ2021 ሃንጋሮሪንግ ላይ የመጀመሪያ የግራንድ ፕሪ ድሉን ሲወስድ የጮኸ ሰው ካለ፣ 2014ን ቢያይ ደግሞ ይጮሃል። ሁለቱ በ2018 ብራዚል ላይ ተጋጭተው ቨርስታፐን ድሉን ባጣ ጊዜ ብዙ ሰው ድንገተኛ ጠብ መስሎት ነበር። ሥሩ እዚህ ነው፣ ከካርት ጀምሮ!

ሌሎቹንም ተመልከቱ። በዚያው ሰልፍ ላይ አንቶኒዮ ጆቪናዚ አለ፤ በ2023 በፌራሪ የለ ማን 24 ሰዓትን ያሸነፈው። ጄክ ዴኒስ አለ፤ በኋላ የፎርሙላ ኢ የዓለም ሻምፒዮን። ኒኮላስ ላቲፊም አለ፤ በ2021 አቡ ዳቢ ላይ ግድግዳ ገጭቶ ሴፍቲ ካሩን ያስወጣው፣ ለቨርስታፐን የመጀመሪያ ዋንጫ በር የከፈተው ያው ላቲፊ።

ለማየት የምትነሱ ከሆነ ከስፓ ጀምሩ፣ ኖሪስሪንግን አስከትሉ፣ ከዚያ ወደ ሲልቨርስቶን ተመልሳችሁ በቅደም ተከተል ኑ። ሻምፒዮኑ ታውቋል ብላችሁ የመጨረሻውን የሆክንሃይም መድረክ እንዳትዘሉ! ሁለተኛነቱን የወሰነው በመላው ወቅት የተለቀመ 9 ነጥብ ብቻ ነው። ብሎምክቪስት፣ የ1984ቱ የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የስቲግ ብሎምክቪስት ልጅ፣ ነገ ፎርሙላ ዋን የሚገባውን ልጅ በሰንጠረዡ ከኋላው አስቀርቶ ነው ወቅቱን የጨረሰው። በ2022 እና በ2023 የዴይቶና 24 ሰዓትን ካሸነፉት መካከልም እሱ አለ። ዓይናችሁን ከመኪናው አትንቀሉ።