ቁጥሩ ከውጭ ይምጣ

«አቦ፣ ቨርዥኑን ቢልዱ ራሱ አስልቶ ቢሞላውስ?» አለኝ ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለችው ቢሯችን በቅርቡ የገባው ልጅ። መጠየቁ ለወጉ ነው እንጂ ሥራውን ጨርሶታል። የሜቨን ፖም ፋይሉ ውስጥ የግሩቪ ስክሪፕት ሸጉጧል፤ ስክሪፕቱ ኢኒሻላይዝ ላይ ሮጦ የዕለቱን ቀን ፕሮፐርቲ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ሲከፈት አዲሱ ቀን ይታያል። የጃር ፋይሉ ስም ግን ፖሙ ላይ በዲፎልት የተጻፈውን አሮጌ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ልጁን ያበሸቀው ይሄ ነው።

ሜቨን ምንም አላጠፋም። ፖሙን ሲያነብ ፕሮፋይሎቹን ይመርጣል፣ ከወላጁ ፖም የወረሰውን ይደርባል፣ የሚያውቃቸውን ፕሮፐርቲዎች በየቦታቸው ተክቶ ይጨርሳል። የፋይሉ ስም ያኔውኑ ተቆርጧል። ኢኒሻላይዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሪሶርስ ፊልተሪንግ ፕሮፐርቲውን የሚጠይቀው ተራው ሲደርስ ስለሆነ አዲሱን አገኘ። አንድ ስም፣ በአንድ ቢልድ ውስጥ፣ ሁለት እሴት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ አቋሜ ግትር ነው፤ የሚለዋወጥ እሴት ሜቨን ከመነሳቱ በፊት ታውቆ፣ በትእዛዙ መስመር በሰረዝ ዲ ይግባ። እንዲህ የገባ ፖሙ ላይ የተጻፈውን ይሽራል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 3.5.0 ወዲህ ቨርዥኑን ራሱን ሪቪዥን በሚባለው ፕሮፐርቲ መተው ይቻላል። ሞጁሉ ብዙ ከሆነና ዲፕሎይ የሚደረግ ከሆነ የፍላተን ፕለጊኑ ይጨመርበት፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

የግሬድል ሰዎች እዚህ ላይ ይስቁብኛል። «የእኛ ቢልድ ፋይል ኮድ ነው፣ እንደፈለግን እናሰላለን» ይላሉ። ያስሉ። እነሱም ጋ ኮንፊገሬሽን ሌላ፣ ኤግዚኪውሽን ሌላ ነው። ፕሮቫይደር የሚባለው ነገር የመጣውስ እሴቱ ቀድሞ እንዳይነበብ አይደል?

ቀን ላይ ግትርነቴ የባሰበት ምክንያት አለው። ከፊራ ገበያ ያሉ ነጋዴዎች የሚሠሩበትን የሽያጭ ፕሮግራም ከሌላ ድርጅት ተረክበን ነበር። ቀኑን ከሜቨን የቢልድ ሰዓት ወስዶ ወደ እኛ አቆጣጠር ይለውጠዋል። የሜቨን ሰዓት ዩቲሲ ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። መስከረም 1 ቀን 2016 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተሠራው ቢልድ፣ ሲከፈት «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» አለ። አዲስ የተባለው ፕሮግራም ያምናውን ዓመት ይዞ መጣ! ደንበኛው ደውሎ «አሮጌውን ነው የሰጣችሁኝ» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ጃቫ ከስምንተኛው ቨርዥን ጀምሮ የሒጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይ ቡዲስትን አቆጣጠር አብሮ ይዟል፤ የእኛን ግን ስሪቴን ኤክስትራ ከተባለው ላይብረሪ ነው የምናመጣው። ይህን ሁሉ ፖም ውስጥ መጎተት አልፈልግም። ቀኑን የምታሰላ ትንሽ ፕሮግራም ለብቻዋ አለችን፤ የሰዓት ክልሉን በስሙ ትጠራለች፣ ቁጥሩን ታወጣለች፣ ሜቨን ይቀበላታል።

ይህን ያህል የምሟገተው ለቀን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥራችን በስልክ ነው። ከፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ ያለ ባለ ሱቅ ይደውላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያነብልኛል፣ እኔ ደግሞ ያንኑ ኮድ ከጊት አውጥቼ አየዋለሁ። ያ ቁጥር ከዋሸ የራሴን ሥራ አላውቀውም ማለት ነው። ከዚህ ሙያ እንጀራ ብቻ ሳይሆን የማገኘው ኩራት ካለ፣ ሰው እጅ ላይ ያለውን ሥራዬን ሳላየው ለይቼ ማወቄ ነው።

ልጁ ስክሪፕቱን ከፖሙ አውጥቶታል። አሁን የምንከራከረው ፖሙ ላይ ዲፎልት ይኑር አይኑር በሚለው ነው። እሱ አይኑር፣ ቁጥር ያልሰጠ ሰው ቢልዱ ይቁምበት ይላል። እኔ ይኑር፣ ግን «ዴቭ» ብቻ ይበል ባይ ነኝ፤ ከማንም ላፕቶፕ የወጣ ጃር የደንበኛ መስሎ ከፊራ እንዳይገባ።