የብረት ቅጠሎችና የናፍጣ ሂሳብ

ሐርጌሳ ውስጥ ለኤሌክትሪክ «ኮሮንቶ» ይላሉ። እኛ ኮረንቲ እንላለን፤ ሁለታችንም ከጣልያን ወስደነዋል። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ከሶኬቱ ጀርባ ያለው ነገር ለየቅል ነው። የአዲስ አበባ ሰው ምጣዱን ሲሰካ የሚያግለው የግቤ፣ የበለስ፣ አሁን ደግሞ የዓባይ ውኃ ነው። የሐርጌሳው ሰው መብራት የኖረው በናፍጣ ነው። ከተማዋ በ1988 (እ.ኤ.አ.) በቦምብ ፈራርሳ ከ1991 በኋላ እንደገና ስትቆም፣ መብራቱን ሰፈር ለሰፈር የመለሱት ጄኔሬተር ያቆሙ ነጋዴዎች ናቸው። በኋላ ኩባንያዎቹ አደጉ፣ የፀሐይ ኃይልም ተጨመረ፤ ናፍጣው ግን ከነዋጋው አለ። ከኢትዮጵያ ስለሚመጣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመርም ለዓመታት ይወራል።

ስለ ትራንስፎርመር አሠራር ማውራት ያማረኝ ከዚህች ከተማ ቆሜ መሆኑ በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ በሞላበት አገር የትራንስፎርመር ብክነት ብዙም ዓይን አይገባም። እዚህ ግን በሊትር ይቆጠራል።

ትራንስፎርመር ከመስመር ጋር እስከተያያዘ ድረስ፣ ከተማው ቢተኛም ባይተኛም፣ ብረቱን መግነጢስ ለማድረግ ጥቂት ኃይል ይበላል። ይህ ፍጆታ 1 ኪሎ ዋት ብቻ ቢሆን እንኳ በዓመት 8,760 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ጥሩ የናፍጣ ሞተር ከ1 ሊትር 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢያወጣ፣ ያቺ አንዲት ኪሎ ዋት በየዓመቱ ወደ 2,200 ሊትር ትጠጣለች። ለማከፋፈያ ጣቢያ በሚቀርቡ ሁለት ትራንስፎርመሮች መካከል የ5 ኪሎ ዋት ልዩነት ቢኖርስ? ወደ 11,000 ሊትር፣ በየዓመቱ፣ ለ40 ዓመት። የሽያጭ ዋጋውን ብቻ አይቶ «ይኼኛው ረከሰ» የሚል ገዢ ቀሪውን ሂሳብ ለነዳጅ ቦቴው እየከፈለ ይኖራል።

ያቺ ኪሎ ዋት የምትተርፈው ወይም የምትጠፋው ብረቱ ላይ ነው። ኮር የሚባለው አካል አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ውፍረታቸው ከ0.23 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሲሊከን ያለባቸው የብረት ቅጠሎች በሺህ ሆነው ተደርድረው የሚሠሩት ነው። በ1934 (እ.ኤ.አ.) ኖርማን ጎስ የተባለ አሜሪካዊ የፓተንት መብት ባገኘበት ዘዴ፣ የብረቱ ውስጣዊ ቅንጣቶች ቅጠሉ በተዳመጠበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ። መግነጢሱም በዚያ አቅጣጫ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ወደ ጎን ግን እንደ እልኸኛ በቅሎ ነው። መከራው ያለው ቋሚው እግር ከአግዳሚው በሚገናኝበት ጥግ ላይ ነው። እዚያ ቅጠሎቹ በ45 ዲግሪ ይቆረጣሉ። ጎበዝ ፋብሪካ ደግሞ ግንበኛ ጡብ ሲደረድር መገጣጠሚያን በመገጣጠሚያ ላይ እንደማያሳርፈው ሁሉ፣ እያንዳንዱን ቅጠል ከሥሩ ካለው ጥቂት ሚሊ ሜትር እያራቀ ደረጃ በደረጃ ያስኬደዋል። መግነጢሱ አንዱ ቅጠል ሲቋረጥበት በጎረቤቱ ይሻገራል።

የተከፈተ ኮር የማየት ዕድል ያገኘ ሰው ወደዚያ ጥግ ጎንበስ ይበል። ክፍተቱ ጥፍር የማያስገባ፣ የደረጃው መስመር ከላይ እስከ ታች ያልተዛነፈ ከሆነ የሠራው እጅ የታወቀ እጅ ነው። ጥጉ ክፍተት ካለው ግን ኪሎ ዋቱም ይጨምራል፣ ድምፁም ይብሳል። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ብረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ በጣቢያው አጥር ስናልፍ የምንሰማው እምምታ ይኸው ነው።

በብረቱ ዙሪያ መዳቡ ይመጣል። ለትልቅ ጭነት የሚሠራው ገመድ የሹሩባ ዘመድ ነው፤ ጠፍጣፋ ቀጫጭን ሽቦዎች እየተሻገሩ ይገመዳሉ፣ እያንዳንዱ በተራው ውስጥም ውጭም ይውላል፣ ጭነቱን እኩል ይካፈላሉ። ከላይ በወረቀት ይጠቀለላሉ። በየመሐሉ የሚገቡት የካርቶን መለያዎች ከላይ እስከ ታች እንደ ቱምቢ ካልቀኑ ደግሞ ጉዱ በአደጋ ቀን ይወጣል። የትራንስፎርመሩ መግለጫ ሰሌዳ ላይ «ኢምፒዳንስ 10 በመቶ» የሚል ካለ፣ ደጃፉ ላይ አጭር ዙር ሲፈጠር ወደ 10 እጥፍ ኮረንቲ ይጎርፋል ማለት ነው፤ ጥቅሉን የሚገፋው ጉልበት በካሬው ስለሚያድግ 100 እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጉልበት የሚችለው ያ ቀጥ ብሎ የቆመ ካርቶንና አጥብቆ ያሰረው እጅ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ማድረቁን ነው። ወረቀት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከክብደቱ 6 በመቶው ውኃ ቢሆን አይገርምም። 5 ቶን ወረቀትና ካርቶን የያዘ ትራንስፎርመር ሳይታወቅ 300 ኪሎ ውኃ አዝሎ ይገኛል። በጋለ የኬሮሲን እንፋሎትና በቫኪዩም ቀናት ወስዶ ከ0.5 በመቶ በታች ይወርዳል። ከደረቀ በኋላ በዘይት ይሞላል፤ ለመንገድ ግን ዘይቱ ወጥቶ ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን ታምቆበት ይጓዛል፣ ጎኑ ላይም ግጭትን የሚመዘግብ መሣሪያ ይለጠፍበታል። ተቀባዩ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት እሱን ነው፤ ቀለሙን አይደለም።

መንገዱ ደግሞ ከበርበራ ወደብ ይጀምራል፤ የመረጣው ብልሃት እዚህ ይለያል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ትራንስፎርመሩ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር በታች፣ በዓመት በአማካይ 20 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ እንደሚቆም ያስባል። በርበራ ባሕር ዳር ናት፤ ግን ትነዳለች፣ በሞቃቱ ወራት 40 ዲግሪን ያልፋል። ሐርጌሳ በ1,330 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ አየሯም ቀዝቀዝ ያለ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክ ለመዝለል ይቀለዋል፤ ስለዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ኮረንቲው ከታንኩ በሚወጣባቸው የሸክላ ዘንጎች (ቡሽንጎች) መካከል ያለው የአየር ርቀት 1 በመቶ ይጨመርለታል። ለሐርጌሳ 3 በመቶ ያህል፣ ለአዲስ አበባ 13 በመቶ ግድም። የአዲስ አበባ ብርድ ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ ይህን ርቀት ግን አያካክስም። ለበርበራ ተብሎ የተገዛውን በሎቤድ ጭኖ ሽቅብ ማምጣት ብቻውን አይበቃም።

ቡሽንጉም ከአየሩ ጋር ይመዘናል። ጨውና አቧራ በበዛበት አገር ለ132 ኪሎ ቮልት መስመር ኮረንቲው በሸክላው ገጽ ላይ ሊሳብ የሚገባው መንገድ 4.5 ሜትር ያህል ነው፤ ንጹሕ አየር ባለበት 2.3 ሜትር ይበቃል። ያ ሁሉ ርዝመት ከሰው ቁመት በማይበልጥ ሸክላ ላይ በክንፍ በክንፍ ታጥፎ ይቀመጣል። ክንፎቹን አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ እያደረገ የሚያፈራርቀው ሠሪ ዝናብና አቧራ አብረው ድልድይ እንዳይሠሩ አስቦ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአጥር ውጭ ሆኖም ይታያል። ከታንኩ ጎን የተንጠለጠለች የመስታወት ጣሳ አለች፤ ውስጧ ሲሊካ ጄል ነው። ትራንስፎርመሩ ሲግልና ሲበርድ በእሷ በኩል ይተነፍሳል። በአንዳንዱ ዓይነት ፍሬው ሰማያዊ ከሆነ የሚገባው አየር ደረቅ ነው፤ ሮዝ ከሆነ ፋብሪካው ቀናት ፈጅቶ ያወጣው ውኃ ተመልሶ እየገባ ነው። በሰፈራችሁ ሮዝ ሆኖ ካያችሁት ወደ አጥሩ አትጠጉ፤ ለጣቢያው ሠራተኛ ንገሩት።