ካሳ ብለን ጠራነው

ልጅ የሞተበት ወላጅ ቀጥሎ ለተወለደው «ካሳ»፣ «ምትኩ» ወይም «ማስረሻ» ብሎ ስም ሲያወጣ ሁሌም ይደንቀኛል። እዚህ ጅማና አጋሮ ደግሞ «ገለታ» አይጠፋም፤ በኦሮምኛ ምስጋና ማለት ነው። ከሁሉም «ካሳ»ን እወዳለሁ። «ማስረሻ» ግን አይዋጥልኝም፤ የትኛዋ እናት ትረሳለች? ካሳ የሄደውን አይክድም። «ወስደሃል፣ ደግሞ ሰጥተሃል» ብሎ ከፈጣሪ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል፤ ሙግትም እምነትም አለበት።

እኛም የበኩራችን ሐዘን ሳይወጣልን የመጣውን ካሳ አልነው። ክርስትና የተነሣ ዕለት እናቱ ባንድ ዓይኗ ታለቅሳለች፣ ባንድ ዓይኗ ትስቃለች። ዘንድሮ 9 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን እሸት ቡና ያገላብጣል።