አእምሮን ያለ መድኃኒት ስለ መጠበቅ፦ በፓርኪንሰን በሽታ ላይ በቀረበ አንድ ምርመራ የተሰጠ ትችት

ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 ዓ.ም. ስለሚያንቀጠቅጠው ሽባነት በጻፈው ድርሰት፥ በሽታው የሕመምተኛውን አእምሮ አይነካም ብሎ ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ነገር ተሳስቷል። በሲድኒ ከተማ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ከ20 ዓመት በኋላ በሕይወት ከተገኙት ሕመምተኞች ውስጥ ከመቶ 83ቱ ዲሜንሺያ የሚባለው የአእምሮ መድከም ደርሶባቸዋል።

ሪቫስቲግሚን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2004 በ541 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ መጠነኛ ጥቅም ቢያስገኝም፥ በአንዳንዶቹ ላይ ማቅለሽለሽንና ማስመለስን አስከትሏል፤ መንቀጥቀጡም የባሰባቸው ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች አእምሮን በመልመጃ ወደ ማሠልጠን ቢያዘነብሉ አያስደንቅም።

ይህን ተስፋ የመዘነው፥ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምርመራ ነው። መርማሪዎቹ ያገኙት ሰባት ጥናቶችን ብቻ ሲሆን፥ ተካፋዮቹም በጠቅላላው 225 ናቸው። ሥልጠናው የቆየው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። በጠቅላላው የማሰብ ችሎታም ሆነ በዕለት ኑሮ ላይ የተረጋገጠ ለውጥ አልታየም፤ በትኩረትና በቃል ትውስታ የታየው ጥቂት መሻሻልም አስተማማኝ አይደለም ተብሏል።

ምርመራው ጥንቁቅ ነው፤ ጥቅሙ አልተረጋገጠም አለ እንጂ ጥቅም የለውም አላለም። ጉድለቱ ያለው በተመረመሩት ጥናቶች ላይ ነው። በዓመታት የሚሄድን በሽታ በሳምንታት መለካት፥ የዛፍን ዕድገት በአንድ ጀንበር እንደ መጠበቅ ይሆናል። ደግሞም ቁጥር መደርደርን የተለማመደ ሰው ቁጥር መደርደር ቢቀናው አያስገርምም። የሚጠየቀው፥ መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመዋጥ፥ የገበያ መልሱን ለመቁጠርና ወደ ቤቱ ለመመለስ ረድቶታል ወይ? የሚለው ነው።

«መድኃኒት አልባ» የሚለውም ስም ዘዴውን ወጪ የሌለው ያስመስለዋል። አባቷን በየቀኑ የምታለማምድ ልጅ ሥራዋንና ዕረፍቷን ትከፍላለች። በሌላ በኩል፥ መድኃኒትን መቀነስ ራሱ ሊረዳ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል የሽማግሌዎችን ትውስታ ሊያደክምና ሊያደናግራቸው ይችላልና፥ ሐኪሙ አዲስ መልመጃ ከማዘዙ በፊት ሕመምተኛው የሚወስደውን ሁሉ ቢመረምር ይበጃል። ይህ የሐኪም ሥራ እንጂ የቤተ ሰብ ውሳኔ አይደለም፤ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ጉዳት አለውና።

«መልመጃው አይጎዳም፤ ታዲያ ምን ከለከለን?» የሚል ቢኖር፥ ከፊል እውነት ይዟል። ብርቱ ጉዳት ግን በመልመጃው ሳይሆን በተስፋው ቃል ሊመጣ ይችላል። «ብትለማመድ ትድናለህ» የተባለ ሰው በሽታው ሲጸናበት፥ ራሱን ወይም ልጁን ሰነፍ ናችሁ ብሎ ይወቅሳል። በበሽታ ላይ ወቀሳን መጨመር ሕክምና አይባልም።

እንግዲህ ዘዴው ይሞከር፤ ነገር ግን ጥናቱ ረጅም ይሁን፥ ተካፋዮቹም ይብዙ፥ መለኪያውም ሕመምተኛው ራሱ ሊሠራ የሚፈልገው የዕለት ሥራ ይሁን። እስከዚያው ድረስ ለቤተ ሰቡ የሚነገረው ቃል እውነተኛ ይሁን፦ ሊረዳ ይችላል፤ ባይረዳ ግን ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።